ፊልሙ ካለቀ በኋላ

ከፍኖተ ሰላም ተነስተው በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ መንገዱ በዱርቤቴ ያልፋል። እንዲህ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ሲኒማ ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ጨለምለም ያለ ክፍል፣ የተደረደረ አግዳሚ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ ከደጅ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም። የሚታየው በአብዛኛው የሕንድ ፊልም ወይም ካራቴ ነበር። ተመልካቹም ወንድ፣ ያውም ጎረምሳ። አባት ሴት ልጁን አስከትሎ፣ እናት ሕፃኗን አዝላ የምትገባበት ቤት አልነበረም። ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች «ፊልም» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው የሚጠቁረው በፊልሙ ብቻ አይመስለኝም፤ የሚታይበትንም ቤት ስለሚያውቁት ነው።

ለመሆኑ መልካም ፊልም በእንዲህ ያለ ቤት ቢታይ ምን ያህሉ ይተርፋል? በሙስሊሙ ዘንድ በበዓል ሰሞን ተደጋግሞ የሚታየውን «ዘ ሜሴጅ»ን እንውሰድ። የሐለብ ተወላጁ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ያቀረበው ይህ ፊልም ሁለት ጊዜ የተሠራ ነው፤ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በዐረብኛ፣ በተለያዩ ተዋንያን። ሐምዛን (ረ.ዐ.) በእንግሊዝኛው አንቶኒ ኩዊን፣ በዐረብኛው ዐብደላህ ጌይስ ተጫውተዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በምስልም በድምፅም አይቀርቡም። ካሜራው በሳቸው ቦታ ይቆማል፤ የሚያናግራቸውም ሰው ወደ ካሜራው፣ ማለትም ወደ እኛ ያያል። የፊልሙ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው። በዝምታው ውስጥ ተመልካቹ ራሱ የተጠየቀ ያህል ይሰማዋል። ሙዚቃው የሚከብደው ቤተሰብ ይኖራል፤ እሱን ለዓሊሞቻችን እተወዋለሁ።

ለኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ፊልሙ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ሐበሻ የምትታየው በአንድ ችሎት ብቻ ነው። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ይቆማል፤ ከሱረቱ መርየም ያነባል፤ ንጉሡ በበትሩ መሬት ላይ መስመር ያሰምራል፤ ስደተኞቹንም አሳልፎ አልሰጥም ይላል። ያማረ ትዕይንት ነው። ከዚያ ካሜራው ወደ መካ ይመለሳል። ከሰሓቦቹ ጥቂት የማይባሉት ግን አልተመለሱም! ጀዕፈር በሐበሻ ምድር ከአሥር ዓመት በላይ ኖሮ ወደ መዲና የሄደው በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸይበር ወቅት ነው። ባለቤቱ አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ልጆቿን የወለደችው እዚሁ ነው። የችሎቱን ታሪክ በዝርዝር ያቆየችልን ሴት ናት፤ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.)። ምን በሉ? ከማን ገበዩ? ሲወልዱ ማን አረሳቸው? ፊልሙ ይህን አይነግረንም። የዱርቤቴ ወይም የቡሬ ሕፃን አንቶኒ ኩዊንን አድንቆ አስማን ሳያውቃት ከአዳራሽ ቢወጣ ገንዘቡን የከፈለው ለግማሽ ታሪክ ነው።

ፊልሙ ራሱ ሳይታይ ሲፈረድበት ምን እንደሚመጣም ዓለም አይቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 በዋሺንግተን መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሦስት ሕንፃዎች ውስጥ ገብተው ከመቶ በላይ ሰው አግተው ነበር። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይህ ፊልም እንዳይታይ ነበር። ፊልሙን ግን አላዩትም።

በዚያችው ከተማ ከ16 ዓመታት በኋላ አንድ የጎንደር ተወላጅ ሌላ መንገድ አሳየ። ኃይሌ ገሪማ ስለ ባርነት የሠራው «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ቢወዳደርም በአሜሪካ የሚያከፋፍልለት ኩባንያ አላገኘም። እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሲኒማ ቤት ተከራዩ፤ ሰዉን በየማኅበሩና በየሰፈሩ ጠሩ፤ ከፊልሙ በኋላም ተወያዩበት። ፊልሙ እንዲህ እየተባለ ከ30 በላይ ከተሞችን አዳረሰ። ከዚያም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አንጻር በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቡና ቤት ከፈቱ፤ በዚያም ፊልም ይታያል፣ መጽሐፍ ይነበባል፣ ይከራከሩበታል። ኃይሌ ሙስሊም አይደለም፤ ፊልሞቹም ከባድ ስለሆኑ ለሕፃን ሁሉ አይሆኑም። እኔ የምወስድለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዳራሹን ለባለቤቱ፣ ማለትም ለተመልካቹ ቤተሰብ መመለሱን።

በትንሽ ከተማም ይህ የማይቻል አይደለም። የትምህርት ቤት ወይም የቀበሌ አዳራሽ፣ አንድ ፕሮጀክተርና ነጭ አንሶላ ይበቃል። የሚታየው የዐረብኛው ቅጂ ይሁን ባይ ነኝ፤ የመድረሳው ኡስታዝ ከምንጩ እየሰማ ሊያስተረጉም ይችላልና። በቪዲዮ ቤት ልማድ ለሳቅ ሲባል ከራሱ የሚጨምር አስተርጓሚ ለዚህ አይሆንም። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ከዐስር እስከ መግሪብ አይበቃውም። ከዙሁር በኋላ ይጀመር፤ ሰሓቦቹ መዲና ሲደርሱ ይቁምና ዐስር ይሰገድ፤ ቀሪው ከዚያ ይቀጥል። ለእናቶች የተለየ መግቢያና መቀመጫ ይዘጋጅ፤ በኋለኛው ጥግ ሳይሆን ማየትና መጠየቅ በሚችሉበት። ሲያልቅም መብራቱ ይብራና ስለ አስማና ስለ ኡሙ ሰለማ የሚያውቅ ሰው ይናገር፤ ሕፃናቱም ይጠይቁ። ጄኔሬተሩን ግን ከአዳራሹ አርቃችሁ አስቀምጡት፤ የጀዕፈርን ንግግር እንዳይውጠው።