«ሙሉ» የሚሉት ቅጽል

ቅጽል ስምን ይገልጻል እያልን ስናስተምር ኖረናል። ኢንሹራንስ ላይ ሲደርስ ግን ቅጽል ስምን ይሸፍናል። ባለመኪናውን «ምን ዓይነት ኢንሹራንስ አለህ?» በሉት፤ ደረቱን ነፍቶ «ሙሉ ነዋ!» ይላችኋል። እስቲ ሙላቱን እንለካው።

ሦስተኛ ወገን የሚባለው የሕግ ግዴታ ነው፤ መኪናችን በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለራሳችን ኮፈን አይደለም። «ሙሉ» የተባለው የራስንም መኪና ይጨምራል፤ ግጭት፣ ስርቆት፣ ቃጠሎ። እስከዚህ ደግ ነው። ሰክሮ ወይም ያለ መንጃ ፈቃድ የነዳ፣ በእርጅና የተበላሸ ግን በተለመደው ውል ከሙሉው ውጪ ነው።

ትልቁ ጉድ ያለው ከዋጋው ላይ ነው። አንድ ሰው መኪናውን በ1 ሚሊዮን ብር ገዛ እንበል። ዛሬ ገበያው 2 ሚሊዮን አድርሶታል። ሰውዬው አረቦን እንዳይበዛበት ውሉን በዚያው በ1 ሚሊዮን ያሳድሳል። ከዚያ ይጋጭና የ200 ሺህ ብር ጉዳት ይደርስበታል። «ከ1 ሚሊዮን በታች ስለሆነ ሁሉንም ይከፍሉኛል» ይላል። የለም! የመኪናውን ግማሽ ነውና ያስገባው፣ የሚያገኘውም የጉዳቱን ግማሽ፣ 100 ሺህ ነው። ከሷም ላይ «ኤክሰስ» የምትባለው፣ ባለመኪናው ከኪሱ የሚችላት ድርሻ ትነሳለች። ይህ የኩባንያ ተንኮል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ለጎደለው ዋጋ ባለንብረቱ የራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጥረዋል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ኩባንያው «ፈርመሃል» ይላል። እውነት ነው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ነገር ግን ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በጠበቃ እንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። በታክሲው ልጆቹን የሚያሳድገው ሾፌር ያላነበበው ሰንፎ ብቻ ነው ማለት ግፍ ይሆናል። አረቦኑን በአማርኛ የሚቀበል ቤት፣ የማይከፍልበትንም ምክንያት በአማርኛ አንድ ገጽ ላይ ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል?

ያ እስኪሆን፣ ስታሳድሱ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። መኪናዬ የተመዘገበው በዛሬ ዋጋው ነው ወይ? ከኪሴ የምችለው ስንት ነው? የማትከፍሉኝስ መቼ መቼ ነው? አረቦኑ ከፍ ይል ይሆናል፤ ቢሆንም ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ የጎደለውን ግማሽ ከመበደር ይቀላል።