«ተተኪ» ወይስ «ምትክ»? በኦርጋኒክ ከፊል አስተላላፊ ቀለሞች ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

በኬሚስትሪ የአንድ ሞለኪውል ሃይድሮጂን ወጥቶ በቦታው ሌላ አቶም ወይም የአቶሞች ቡድን ሲገባ፣ ገቢውን «ተተኪ» ብሎ መሰየም ለጆሮ አይከብድም። ሥሩ የታወቀ፣ ርባታውም የተስተካከለ ነው። ቃሉን በዝርዝር ውስጥ ብቻውን ቆሞ ያየ ሰው የሚነቅፍበት ነገር አያገኝም። እኛ ግን ስያሜ የሚፈተነው ነገሩ የሚሠራውን ሥራ በሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ነው እንላለን። ለፈተናው የመረጥነው የመዳብ ፍታሎሳያኒን የተባለውን፣ በማተሚያና በግድግዳ ቀለም ውስጥ የሚገኘውን ሰማያዊ ፒግመንት ነው።

ይህ ቁስ ከፊል አስተላላፊ ነው። በስስ ንጣፍ መልክ ትራንዚስተር ሲሠራበት ኤሌክትሪክን በአመዛኙ የሚያስተላልፈው በኤሌክትሮን ጉድለት አማካይነት ነው፤ ጉድለቱ ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል ይሸጋገራል። በሞለኪውሉ ዳር ያሉት 16 የሃይድሮጂን አቶሞች በሙሉ ወጥተው ፍሎሪን ሲገባባቸው ግን ጠባዩ ይገለበጣል። ፍሎሪን ኤሌክትሮንን አጥብቆ ስለሚስብ የሞለኪውሉን የኃይል ደረጃዎች ዝቅ ያደርጋል፤ ከውጭ የሚመጣው ኤሌክትሮን በቀላሉ ይገባል፣ ከገባም በኋላ የአየሩ ኦክሲጅንና እርጥበት በቀላሉ አይነጥቁትም። እ.ኤ.አ. በ1998 ከቤል ላቦራቶሪዎች የወጣው ጥናት ከዚህ ቁስ በአየር ላይ ሳይበላሽ በኤሌክትሮን የሚሠራ ትራንዚስተር መሠራቱን አሳየ። መዳቡም ቀለበቱም ያው ናቸው።

እንግዲህ «ተተኪ»ን እዚህ እናግባው። አማርኛ ተናጋሪ «ተተኪ ትውልድ» ወይም «ተተኪ መምህር» ሲል፣ የቀድሞውን ሥራ ተረክቦ የሚቀጥለውን ማለቱ ነው። ፍሎሪን ግን ከሃይድሮጂን የተረከበው ሥራ የለም፤ ቦታውን ይዞ የቤቱን ሕግ ለወጠ። ተማሪው «ተተኪው የአስተላላፊነቱን ዓይነት ይለውጣል» የሚለውን ሲያነብ ቃሉ ወደ አንድ ወገን፣ ሐሳቡ ወደ ሌላ ወገን ይጎትቱታል።

«ቅጥያ» የሚለውንም ተመልክተነዋል፤ የሰዋስው ሰው ወደዚያ ቢያደላ አይደንቅም። ዳሩ ግን ቅጥያ በግንዱ ላይ ይጨመራል እንጂ የሚያስወጣው ነገር የለም። ሃይድሮጂኑስ የት ሄደ?

የምንደግፈው «ምትክ»ን ነው። «ምትክ ቦታ» የተሰጠው ሰው አዲሱ ይዞታው በአፈሩም በጎረቤቱም ከአሮጌው ሊለይ እንደሚችል ያውቃል። ቃሉ የወጣው ከዚያው ሥር ስለ ሆነም «ተካ» እና «መተካት» ለድርጊቱ ይቀራሉ። «ኤሌክትሮን ሳቢ ምትክ»፣ «ኤሌክትሮን ለጋሽ ምትክ» ማለትም ያስኬዳል። የክሎሪን ምትኮች ሲበዙ ሰማያዊው ፒግመንት አረንጓዴ ይሆናል ብንል፣ ዐረፍተ ነገሩ ምንም አይጎረብጥም።

«አሉታዊ ከፊል አስተላላፊ» የሚለው ስያሜ ግን ከቶ አይበጅም። ቁሱ ራሱ አሉታዊ ሙል የለውም፤ አሉታዊው የሚንቀሳቀሰው ኤሌክትሮን ነው። «በኤሌክትሮን አስተላላፊ» ይበቃል።

የቀረው «ቀለም» ነው። ከጽሕፈት እስከ ትምህርት ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል በመሆኑ፣ ፒግመንትን «የማይሟሟ ቀለም» ብሎ የመለየት ሐሳብ አለ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም እክል አለበት፤ የቡታይል ቡድኖች ምትክ ሆነው ሲገቡ ያው ፍታሎሳያኒን በኦርጋኒክ አሟሚዎች ይሟሟል፤ የሚሟሟ «የማይሟሟ ቀለም» ልንል ነው። ስለዚህ በመዝገቡ «ፒግመንት» ራሱን ችሎ ይግባ፤ አለመሟሟቱም በስሙ ሳይሆን በፍቺው ውስጥ ይጻፍ።