የፊልም ቅኝት፦ ጃኪ ቻን ስሙን ያጣበት ፊልም

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ መጻሕፍት ነው። ለዛሬ ግን ተማሪዎቻችን ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ ደጋግመው ስለሚያዩት ነገር፣ ስለ ካራቴ ፊልም፣ እንጨዋወት። አንዳንድ መምህራን «እሱ ደግሞ ምኑ ትምህርት ነው?» እንደሚሉ ይገባናል። ቢሆንም ልጆቹ በቪዲዮ ቤትም ሆነ በስልክ ማየታቸው ላይቀር፣ እንዴት እንደሚያዩት ብንነጋገር ይሻላል ብለናል።

የመረጥነው «ሁ አም አይ?» የተባለውን የጃኪ ቻን ፊልም ነው። በአማርኛ «እኔ ማን ነኝ?» እንደ ማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን ያዘጋጁት ቤኒ ቻንና ራሱ ጃኪ ቻን ናቸው። አሮጌ ፊልም ነው፣ አይካድም። ነገር ግን የስደተኛን ትልቅ ጉዳይ በቀልድ መሐል ይዞ የሚሄድ እንደዚህ ያለ ሌላ የድብድብ ፊልም እኛ አላየንም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጃኪ ቻን ኮማንዶ ነው። እሱና ጓዶቹ በደቡብ አፍሪካ በአንድ ኃይለኛ ማዕድን ላይ የሚሠሩ ሳይንቲስቶችን ጠልፈው እንዲያመጡ ይላካሉ። ግዳጃቸውን ሲጨርሱ ያሰማራቸው ሰው ራሱ ይከዳቸዋል። የተሳፈሩበት ሄሊኮፕተር ይወድቅና ጓዶቹ ያልቃሉ። እሱን ብቻ የአካባቢው ሰዎች ከጫካ አንስተው ያስታምሙታል። ሲነቃ ስሙንም፣ አገሩንም፣ ሥራውንም ረስቷል። «ሁ አም አይ?» እያለ ሲጮህ፣ ሰዎቹ ቋንቋውን አያውቁትምና ስሙን የነገራቸው ይመስላቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሁ አም አይ» ተብሎ ይቀራል።

እዚህ ላይ ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እኛም ስቀናል። ግን ልብ ላለው ሰው ይህ ቀልድ በምዝገባ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ለሚያውቅ ሁሉ እንግዳ አይደለም። ጠያቂው በአንድ ቋንቋ ይጠይቃል፣ አስተርጓሚው በሌላ ያስረዳል፣ መዝጋቢው ደግሞ ጆሮው የሰማውን ይጽፋል። በእኛ አገር ከራስ ስም ቀጥሎ የሚጠራው የአባት ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። ፎርሙ ግን የቤተሰብ ስም ካልሞላችሁ አይለቅም። ስለዚህ ለአንዱ የአባቱ፣ ለሌላው የአያቱ ስም ይሞላል። የአንድ እናትና አባት ልጆች በወረቀት ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ይሆናሉ። ያ የተሳሳተ ስም ራሽን ካርድ ላይ ከሰፈረ በኋላ እስከ ፈተና ሰርተፍኬት ድረስ ይከተላል። «ሁ አም አይ» ተብሎ መቅረት ማለት ይኼ ነው።

ወደ ተዋንያኑ እንምጣ። ክሪስቲን የተባለችው ጋዜጠኛ ሆና የምትሠራው ሚሼል ፌሬ ናት። መልኳ ያምራል፣ ንግግሯ ግን ተማሪ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ የሚያነበው ምንባብ ይመስላል። የመኪና ራሊ ተወዳዳሪዋን ዩኪን የምትጫወተው ሚራይ ያማሞቶ ትሻላለች፤ ቢያንስ ስትደነግጥ የምር ትደነግጣለች። ክፉው ሞርጋን ሮን ስመርዛክ ነው። እሱን ካያችሁት ገና ከመጀመሪያው ከሃዲነቱ ፊቱ ላይ ተጽፏል፤ ተመልካቹ እንዲጠረጥር ምንም የተተወለት ነገር የለም። የፊልሙ መካከልም ይንዛዛል። መኪና ማሳደዱ ቢያጥር ኖሮ ማንም «ጎደለብኝ» አይልም ነበር።

ጥንካሬው መጨረሻው ላይ ነው። ታሪኩ ወደ ሆላንድ፣ ወደ ሮተርዳም ከተማ ይሻገራል። ጃኪ ቻን በሆላንዶች የእንጨት ጫማ እየተከላከለ ይደባደባል። ቀጥሎም ቪለምስቨርፍ ከተባለው ረጅም ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሁለት ሰዎች ይገጥሙታል። አንደኛው እግረ ረጅሙ ሆላንዳዊ ሮን ስሞረንበርግ ነው። በመጨረሻ ጃኪ ቻን በዚያው ሕንፃ ተዳፋት ግድግዳ ላይ እየተንሸራተተ እስከ ታች ይወርዳል።

በየቪዲዮ ቤቱ እኛ «አክተሩ አይሞትም» እንላለን። እዚህ ናይሮቢ ደግሞ የኬንያ ልጆች አክተሩን «ስታሪንግ» ይሉታል፣ እሱም አይሞትም። ሆንግ ኮንግም ሆነ ሆሊውድ የሠራውን ፊልም በስዋሂሊና በሼንግ እየተረከ የሚያስቀው ዲጄ አፍሮ ታዋቂ የሆነው ይህንኑ የተመልካች ስሜት ስለሚያውቅ ይመስለናል። ጃኪ ቻንን ከሌሎቹ የሚለየው ግን አለመሞቱ ሳይሆን የሚያመው መሆኑ ነው። በቡጢ ይመታና እጁን ያራግፋል። ይፈራል፣ ይሮጣል፣ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ያነሣል። ኮሜዲው የሚመጣው ከዚህ ነው። አቅም የሌለው ሰው በእጁ ባለው ነገር ሲተርፍ ማየት ለእኛ ለካምፕ ሰዎች ለምን እንደሚጥም ማብራራት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችን። ወረቀት ሳይጠይቁ፣ «ከየት መጣህ?» ሳይሉ ይህን ሰው ያስጠጉት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ግን እነሱን ቆዳ ለብሰው ከሚጨፍሩ የፖስት ካርድ ሰዎች ብዙም አላሳለፋቸውም። ከፊልሙ በኋላ ለተማሪዎቻችሁ «ከመንደሩ ሰዎች የአንዱን ስም ጥሩ» በሏቸው። ዝም ነው የሚሉት። የሞርጋንን ስም ግን ሁሉም ያውቀዋል። ለፊልሙ የምንሰጠው አንድ ምስጋና አለ፦ ሰውየው ማን እንደከዳው ካወቀ በኋላ ምስጢሩን የያዘውን ዲስክ ውኃ ውስጥ ወርውሮ ለመመለስ የሚመርጠው ወደነዚሁ ሰዎች ነው።

ይህን ስንል ጥያቄው ወደ እኛም ይዞራል። ካኩማ ካምፕ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1992 በቱርካናዎች ምድር ላይ ነው። ማገዶና ከሰል ተሸክመው በራችን ድረስ የሚያመጡልንን የቱርካና ሴቶች ከእኛ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ስንቱ ነው? «አንቺ ከሰል!» ብሎ ከመጣራት ያለፈው ስንቱ ነው? ፊልሙን የምንወቅስበት ሚዛን ለኛም መሥራት አለበት።

ስለ ጃኪ ቻን ራሱ ደግሞ ብዙ ተማሪዎች የማያውቁትን እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1954 ሆንግ ኮንግ ሲወለድ ወላጆቹ ከቻይና የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የወጣለት ስም ቻን ኮንግ ሳንግ ሲሆን «ሆንግ ኮንግ የተወለደ» ማለት ነው። በስደት ለተወለዱ ልጆቻችን ቦታውን ወይም መከራውን አይተን ስም እንደምናወጣው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003፣ ማለትም ይህ ፊልም ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሜብል ቼንግ የተባለች አዘጋጅ ስለ ቤተሰቡ ዘጋቢ ፊልም አወጣች። አባትዬው እንደተናገሩት እውነተኛው የቤተሰቡ ስም ፋንግ እንጂ ቻን አልነበረም። ሲሸሹ የለወጡት ስም ነበር። ቻይና ውስጥ ተለይተው የቀሩ የአባቱና የእናቱ ልጆችም ነበሩት። ዓለም ሁሉ «ጃኪ ቻን» እያለ ሲጮህለት የኖረው ሰው «ቻን» የሚለው የራሱ አለመሆኑን የሰማው አድጎ፣ ታዋቂ ከሆነ በኋላ ነው። በፊልሙ ላይ ለሳቅ የጠየቀውን ጥያቄ በኑሮው የምር ጠየቀው። ስም ለውጦ መሻገር የእኛ ነውር ብቻ እንዳልሆነ፣ ነፍስን ለማዳን ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያደርገው መሆኑን ልጆቻችን ከዚህ ቢማሩ ደስ ይለናል። ነገር ግን እውነተኛውን ስም ለልጅ መንገር የወላጅ ዕዳ ነው፤ ልጅ ከፊልም ሰምቶ ማወቅ የለበትም።

መምህራን ሆይ፣ ፊልሙን ካሳያችሁ ሁለት ነገር እንለምናችሁ። አንደኛ፣ በማግሥቱ ልጆቹ የራሳቸውን ስም ትርጉም፣ ማን እንዳወጣላቸውና ካርዳቸው ላይ እንዴት እንደተጻፈ በአንድ ገጽ ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ፊልሙ አለቀ ብላችሁ ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ አትዝጉት። ጃኪ ቻን ሲሠራ የተሳሳተውን፣ የወደቀውንና የተጎዳውን የሚያሳየው እዚያ ላይ ነው። ከስሞቹም መካከል እንደ አውስትራሊያዊው ብራድ አለን ያሉ የድብድብ ባለሙያዎች አሉ። በጣሪያው ፍልሚያ ላይ የሆላንዳዊው የመሰሉን አንዳንድ እርግጫዎች በእሱ ምትክ የረገጠው ብራድ አለን ነው። ፊቱ ስላልታየ ተመልካች አያውቀውም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አርፏል። ልጆቹ ስሙን ጮክ ብለው ያንብቡት።