የሕፃናት ዕድገት መለኪያና የወላጆች ሥጋት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሕፃናት የእንቅስቃሴ ዕድገት መለኪያ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ላይ የተመሠረተ ነው። በዚሁ መሠረት ሕፃን ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምርበት ጊዜ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ይዘልቃል፤ ከተጠኑትም 4.3 በመቶው በእጅና በጉልበት የመዳህን ደረጃ ዘለውታል። የመለኪያው ብርታት ቁርጥ ያለ ቀን ሳይሆን ሰፊ የጊዜ ወሰን መስጠቱ ነው። ልጇ በ13 ወሩ ስላልተራመደ ከጎረቤት ልጅ ጋር እያስተያየች የምትጨነቅ የመቀሌ እናት ይህን ብትረዳ ሥጋቷ ይቀልላት ነበር።

ጉድለቱ ግን ንግግርንና ከሰው ጋር መግባባትን አለመንካቱ ነው። እነዚህንም የሚመዝነው የዴንቨር መመዘኛ ለጅማ አካባቢ እንዲስማማ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። ይሁን እንጂ የጅማው ቅጂ እንዳለ ለመቀሌ ሊወሰድ አይገባም። አፉን በትግርኛ የፈታ ሕፃን በሌላ ቋንቋ ተጠይቆ ዝም ቢል፣ ዝምታው የዕድገት መዘግየት ተብሎ ሊመዘገብ አይችልምና። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት በሕፃናት ላይ ያደረሰው ጉዳትም ጉዳዩን አሳሳቢ ያደርገዋል።

ስለዚህ ወሰኑ ሳይደርስ ወላጅን ማስፈራራት ስሕተት ነው፤ ወሰኑ ካለፈ በኋላ «ይደርሳል» እያሉ መጠበቅ ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው። የለመደውን ቃል ወይም እንቅስቃሴ የተወ ሕፃን ግን ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ሳይዘገይ በሐኪም ሊታይ ይገባዋል። በመቀሌ ሕፃናትና በትግርኛ የተፈተነ መመዘኛ ማዘጋጀትም የዕቅድ አውጪዎች ተግባር ነው።