መረብና ጦር በምህዋር ላይ

የጠፈር ዕቃ ምድር ላይ የቱንም ያህል ቢፈተን፣ ቁርጡ የሚታወቀው ምህዋር ላይ ነው። ሪሙቭደብሪስን የምወዳት ለዚህ ነው። 100 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ መረብንና ጦርን ጨምሮ የጠፈር ቆሻሻ መልቀሚያ ዘዴዎችን ለመፈተን ብቻ የተሠራች ሳተላይት ነበረች።

ሥራውን የመራው የእንግሊዙ ሰሪ ዩኒቨርሲቲ፣ በገንዘብ ያገዘው የአውሮፓ ኅብረት ነው። መረቡ ብሬመን፣ ጦሩ ስቲቭኔጅ ውስጥ በኤርባስ መሐንዲሶች ተዘጋጀ፤ ፈረንሳይ፣ ስዊዘርላንድና ኔዘርላንድም ተሳተፉ። የደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ከአጋሮቹ አንዱ መሆኑ በተለይ ያስደስተኛል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወደ ምህዋር ተለቀቀች። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ከሆዷ አንዲት ትንሽ ሳጥን አወጣች፤ ሳጥኗ ተነፍታ ሰፋች፤ መረቡም ከጥቂት ሜትሮች ርቀት ተወረወረ። ጫፎቹ ላይ የታሰሩት ክብደቶች እየጎተቱ ዘረጉት፣ ዒላማዋንም ጠቅልሎ ያዛት። ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ዓሣ አጥማጅ ሐይቅ ላይ የሚጥለውን መረብ ይመስላል። በፌብሩዋሪ 2019 ደግሞ ከ1.5 ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰቀለች ሰሌዳ በገመድ በታሰረ፣ በሰከንድ 20 ሜትር በሚበር ጦር ተወጋች።

በስተመጨረሻ ሳተላይቷን ቶሎ ወደ ከባቢ አየር ለማውረድ የታሰበው ሸራ ግን እንደታቀደው አልሠራም። እኔ ይህንንም ከትርፉ እቆጥረዋለሁ፤ ጉድለቱ የታየው ውድ በሆነ ትልቅ ሳተላይት ላይ ሳይሆን ለሙከራ በተላከች ትንሽ ላይ ነውና። የአዘጋጆቹ ጥንቃቄም ያስመሰግናል፦ ሙከራው ራሱ ሌላ ቆሻሻ እንዳይሆን፣ ስብርባሪው ቶሎ ወርዶ የሚቃጠልበትን ዝቅተኛ ምህዋር መረጡ።