«የስሜት ነርቭ» የተሰኘው ስያሜ ሲመረመር

ስለ ሰው ሥርዐተ ነርቭ የሚያስተምሩ የአማርኛ ጽሑፎች ከአንጎልና ከሕብለ ሠረሠር እየወጡ በመላው አካል የሚዘረጉትን ነርቮች (12 ጥንድ ከአንጎል፣ 31 ጥንድ ከሕብለ ሠረሠር) በተግባር ሲከፍሉ፣ አንደኛውን ወገን «የስሜት»፣ ሁለተኛውን «አንቀሳቃሽ» ይሉታል። ሁለተኛው ስያሜ ሥራውን በግልጽ ስለሚናገር እንከን አናወጣለትም። ክርክራችን ከፊተኛው ጋር ነው።

«ስሜት» «ሰማ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። አማርኛ ጆሮ የሚያደምጠውንም፣ ቆዳ የሚለየውንም፣ ልብ የሚያዝንበትንም በዚሁ ግሥ ይገልጻል። ለባለቅኔ በረከት የሆነው ስፋት ለስያሜ ሠሪ ፈተና ነው። በዚህ ላይ «ነርቭ» ራሱ በከተማ አነጋገር የቁጣና የአእምሮ ሕመም መጠሪያ ወደ መሆን አዘንብሏል። እንግዲህ «የስሜት ነርቭ ጉዳት» የሚለውን ሐረግ ያለ ማብራሪያ ያነበበ ሰው የጠባይ መታወክ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሥጋ ደዌ የሚያጠቃው አንጎልን ሳይሆን በክንድ፣ በእግርና በፊት ቆዳ ሥር የሚያልፉትን ነርቮች ነው። አለርት በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመቋቋሙ በፊት እንኳ በምሥራቁ አገር፣ ከሐረር ወዲያ በቢሲድሞ፣ የዚህ በሽታ ማከሚያ ነበር። ሕመምተኛው እጁን እሳት ሲልሰው አያውቅም፤ እግሩን እሾህ ሲወጋው አይነቃም። እርሱ ግን «እጄ ደነዘዘ» ይላል እንጂ «ስሜቴን አጣሁ» አይልም። «የስሜት ነርቭህ ተጎድቷል» ቢሉት፣ እጁን ከጋለ ምጣድ እንዲጠብቅ የነገሩት አይመስለውም። እንደ ሐርላ ባለ፣ ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛና ሶማልኛ በሚነገርበት አካባቢ፣ ምክሩ በአስተርጓሚ ሲያልፍ ስሕተቱ በእጥፍ ይጨምራል።

በሳይንሱም በኩል ስያሜው አይጸናም። የደም ግፊትን መጠን ከደም ቅዳ ግድግዳ ወደ አንጎል የሚያደርሱ ክሮች አሉ፤ ባለቤቱ ግን አንዳች አይሰማውም። ስሜት የሌለበትን «የስሜት» ማለት ምን ይባላል?

«ጅማት» ይበቃል የሚሉ አሉ። በግሪክኛም «ኔውሮን» አስቀድሞ ጅማት ነበረ፤ የግእዙ «ሥርው»ም ሥርንም ጅማትንም ያጠቃልላል። ዛሬ ግን ጅማት ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ነውና ቀዶ ሐኪሙን ማሳሳት አይገባም። «ነርቭ» ይቆይ።

እኛ የምናቀርበው «ነጋሪ ነርቭ» የሚለውን ነው፤ ቢሰማም ባይሰማም መንገሩ አይቀርምና። አርአያችን «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» ናቸው፤ ሁለቱም የተሰየሙት በሥራቸው ነው። «ነጋሪ» ለጆሮ ይጎረብጣል የሚል ቢኖር፣ «ደም መልስ»ም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማውን ሰው ሳይጎረብጠው አልቀረም።

ሐርላ፣ ድሬዳዋ