አድማጩ «እህ» ሲል

በቀጥታ ስርጭት ላይ የደወለ ሰው ወሬውን አጋምሶ ድንገት «ሄሎ? ይሰማል?» የሚለው ብዙ ጊዜ መስመሩ ስለተቋረጠ አይደለም፤ አቅራቢው ዝም ብሎ ስለሚያዳምጠው ነው። ፊት ለፊት ሲቀመጡ ያው አቅራቢ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቅንድቡን ያነሳል፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎ» ይላል። ያቺ የምትሳብ «አዎ» በስልክ ስትሄድ ትጠፋለች። ደዋዩ ጆሮ ላይ የሚቀረው ባዶ ነው፤ ለባዶ መናገር ደግሞ ከባድ ነው።

ስለዚህ አዲስ አቅራቢ ሳሠለጥን ከመናገር በፊት «እህ» ማለትን አስለምዳለሁ። ቀላል ይመስላል። ሲበዛ የደዋዩን ቃል ይሸፍናል፣ የተቀዳ ከሆነም ለአርታኢው መከራ ነው። ሲያንስ ተናጋሪው ይቸኩላል፣ ያሳጥራል፣ ሊናገር የመጣውን ዋና ነገር ውጦት ይሄዳል። ልኩ፣ ሰውየው ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ ጣል ማድረግ ነው። እንግዳው ስቱዲዮ ውስጥ ከሆነ ግን አፌን ዘግቼ በዓይኔ ብቻ «እህ» እለዋለሁ።

ሠልጣኞቹ ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት የተግባቦት ሥዕል ሌላ ነው፦ ላኪ፣ መልእክት፣ መስመር፣ ተቀባይ፤ መሐል ላይ ጫጫታ፤ ከታች ደግሞ ወደኋላ የሚመለስ የግብረ መልስ ቀስት። የሥዕሉ አባት ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ሲያወጣው የቤል ስልክ ቤተ ሙከራ ባልደረባ ነበር። ያስጨነቀው ጉዳይ ምልክት ሳይበላሽ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እንዴት ይድረስ የሚል ነው፤ የመልእክቱ ትርጉም የምህንድስናውን ችግር እንደማይመለከት ራሱ ጽፏል። በዓመቱ የዋረን ዊቨር ማብራሪያ ታክሎበት በመጽሐፍ ታተመ፤ ከዚያ በኋላ ለሽቦ የተሠራው ሥዕል ለሰውም ማስተማሪያ ሆነ። የግብረ መልሱ ቀስት በዋናው ሥዕል ላይ አልነበረም፣ ኋላ የተቀጠለ ነው። ቅጥልነቱም ያስታውቃል፦ አንዱ ተናግሮ ይጨርሳል፣ ሌላው ተራውን ጠብቆ ይመልሳል ያሰኛል። ለእኛ ሥራ የተግባቦት ምሁሩ ዲን ባርንሉንድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ሥዕል ይበልጥ ይቀርባል፤ እሱ ዘንድ ሁለቱም ሰዎች በአንድ ጊዜ ላኪም ተቀባይም ናቸው። አርስቶትል እንኳ ንግግርን ለተናጋሪ፣ ለሚነገርበት ጉዳይና ለሚነገረው ሰው ከከፈለ በኋላ ዓላማውን የሚወስነው አድማጩ ነው ብሎ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ተጉዘን ወደ ሽቦ መመለሳችን ይገርመኛል።

የሻነን ጫጫታ ግን እውነት ነው፣ በየቀኑ ያገኘናል። ደዋዩ ሬዲዮውን ከፍቶ ይደውላል፤ የገዛ ድምፁ ዘግየት ብሎ ሲመጣበት ይንተባተባል። «እባክዎ ሬዲዮዎን ይቀንሱልኝ» የምንለው ለዚህ ነው።

አንዳንድ አዘጋጆች እንደ ጫጫታ የሚቆጥሩት ሌላ ነገር አለ፦ ሰላምታ። «እንደምን ዋላችሁ፣ አዘጋጆቹ እንዴት ናችሁ፣ ቴክኒሻኑስ?» ሰዓት ይበላል፣ እውነት ነው። እኔ አልቆርጠውም። ደዋዩ በዚያች ጊዜ መስመሩን ይፈትሻል፣ እኔ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ከአመላለሴ ይለካል። አድማጩም ዕድሜውን፣ አገሩን፣ ሆዱ መባባቱን ከድምፁ ይረዳል። ሰላምታው የተቆረጠበት ሰው ጥያቄውን ይጠይቃል እንጂ ታሪኩን አይነግረኝም።

ሥዕሉ ጨርሶ የማይይዘው ደግሞ መርዶ ነው። መልእክቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሥራው ሁሉ ያለው ማን ይንገር፣ መቼ፣ የት፣ እነማን ባሉበት የሚለው ላይ ነው። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያለ ሰው እናቱ አገር ቤት ሲያርፉ ወዳጆቹ በስልክ ተጠራርተው፣ እሱ እንዳይሰማ ተጠነቃቅቀው፣ በማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ሰውየው በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ወዳጅ በዚያ ሰዓት ሲያይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ተረድቷል። የሚያለቅሰው ሰው ይዞት ነው። አሁን አሁን ወዳጆቹ ሳይደርሱ አንዱ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ይልበታል። በሻነን ሂሳብ ይሄኛው ይበልጣል፦ ፈጣን፣ ጥርት ያለ፣ ጫጫታ የሌለበት። ሰውየው ግን ብቻውን፣ ምናልባት አውቶቡስ ውስጥ፣ ስልኩን እንደያዘ ይቀራል።

የአደጋ ዜና ሲመጣ ከሪፖርተሩ ጋር የምንጨቃጨቀው በዚህ ነው። እሱ «የሟቹ ስም ተረጋግጧል፣ ምንጬ አስተማማኝ ነው» ይላል። እኔ የምጠይቀው ቤተሰቡ ተረድቷል ወይ ብዬ ነው። ካልተረዳ የአደጋውን ቦታና የጉዳቱን መጠን እናነባለን፤ ስሙ ለማታው ዜና ይቆያል። ሌላ ጣቢያ ቀድሞን ከሆነም ቀድሞናል።